የጸሐፊው ዕድገት

ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ በታክሲ ወደ ከተማ ስወርድ፣ ከተሳፋሪው ሁሉ የዘነጥኩት እኔ ነበርኩ። ከኋላዬ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ለአንድ ሐጂ ያወራል።

«ሐጂ፣ ዕድገት ፈልጌ ክረምቱን ሙሉ አለቃዬ ደጅ ስጠና ከረምኩ።»

«ማሻአላህ! አናገርካቸው?»

«ኧረ በየት በኩል! መኪናቸው ሲመጣ እጅ እነሳለሁ፣ የግቢውን በር እከፍታለሁ።»

«ለመሆኑ አዩህ?»

«በደንብ እንጂ! ትላንት ራሳቸው አስጠሩኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! ምን አሉህ?»

«‹እንዳንተ በር የሚከፍትልኝ ሰው አላየሁም› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከጽሕፈቱ አንስተው ዘበኛ አደረጉኝ።»

«ያ አላህ! ደሞዙስ?»

«እሱ ያው ነው። ካፖርትና ቆመጥ ግን ተጨመረልኝ።»

«ወላሂ፣ እንኳን ደስ ያለህ!»

እኔም ዕድገት ልጠይቅ ወደ አለቃዬ ደጅ እየሄድኩ ነበርና፣ መውረጃዬ ፈረስ መጋላ አደባባይ ስንደርስ ሳልወርድ ቀረሁ።