ጠበል የጠጣችው የልብስ ማጠቢያ

ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ ዘውድነሽ፤ ያኛው አግዳሚ እግሩ ሰባራ ነው፣ ባለፈው ስብሰባ ሰው ይዞ ወድቋል። እንዴት አደርሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እሰይ። እኔማ ጉልበቴ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው። የዘንድሮ ብርድ ከእንጦጦ ሲወርድ ሌላ ቤት የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ቀጥ ብሎ እኔ ዘንድ ነው። ስብሰባው ገና ነው፤ አዳራሹ አልሞላም። ጓድ ሊቀመንበራችንም እዚያ ጠረጴዛቸው ጋ ወረቀት እያገላበጡ ነው። እስኪጀመር ትንሽ እንጫወት። ጮክ አልኩ እንዴ? ጆሮዬ ከብዶኛል፤ የራሴን ድምፅ ካልሰማሁ የተናገርኩ አይመስለኝም።

የዛሬው አጀንዳ የበለጡ ጉዳይ ነው አሉ። ምስኪን፣ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ተቆልፎባት ሰነበተች። ዛሬ «አሻጥረኛ ነች» ተብሎ እጅ ከወጣባት ከቀበሌው እስር ወደ ከፍተኛ ትተላለፋለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን... አንቺም እኔም እናውቀዋለን። እሱን ተይው፣ ስብሰባው ያየዋል። እኔ ላጫውትሽ የፈለግኩት ስለ ሌላ ሰው ነው። የኛ ሰፈር ሰው አይደሉም፤ ከወንዙ ማዶ ያለ ቀበሌ ነው የሚኖሩት። ምን ያስቅሻል? ማዶ ነው አልኩሽ እኮ።

እንዴት ያሉ የተማሩ ሰው መሰሉሽ! ምሥራቅ ጀርመን ድረስ ተልከው አንድ ክረምት ተምረዋል። ጀርመንኛውን እንደ ጉድ ነው የሚያንበለብሉት። እኛ ባንሰማም እሳቸው ነግረውናል፤ ትልቅ ሰው ደግሞ አይዋሽም። ሲመለሱ ታዲያ ምን ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው? የልብስ ማጠቢያ መኪና! ነጭ፣ ሆዷ ላይ ክብ መስኮት ያላት። በረንዳቸው ላይ አቆሟትና ከግቢው ቧንቧ ጋር በጎማ አገናኟት። ከዚያ ሰፈሩን ሰብስበው «ይህች መኪና የሴቶችን ድርብ ጭቆና ታስወግዳለች» ብለው ንግግር አደረጉ። እኛም አጨበጨብን... ማለቴ፣ የማዶ ሰዎች አጨበጨቡ።

በማግስቱ፣ ስንት ዘመን ልብሳቸውን በሳፋ ስታጥብላቸው የኖረችውን ሴትዮ ነፃ አወጧት። ከሥራዋ ማለቴ ነው። መቼም ጭቆና ሲሄድ ብቻውን አይሄድም፤ የዕለት ጉርሷንም ይዞባት ሄደ። ስሟን ማን ነበር ያሉኝ... በለጡ። አዎ፣ እንደኛዋ። ስም ይመሳሰላል፣ ምን ይደረግ?

ሴትዮዋ አልተቀየመችም። የጎረቤት ልብስ እያጠበች ልትኖር አሰበች፤ ውኃውንም ከለመደችው ከግቢያቸው ቧንቧ ትቀዳ ጀመር። እሳቸው ደግሞ በመርህ ቀልድ አያውቁም። «በኔ ቧንቧ የግል ንግድ!» ብለው የውጪውን መስመር ከሥሩ ዘጉት። መዝጊያውን በብረት ክዳን ሸፍነው ጓጉንቸር ገጠሙበት፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ተደብቀው እንዳይመስልሽ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እያየ ነው። ቆራጥነት ካልቀረ እንደሳቸው ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በለጡ... የማዶዋ በለጡ፣ የረሳችውን ሳፋ ልትወስድ መጣች። መኪናዋን አየቻትና እጇን ጫን አድርጋባት «እሰይ እቴ፣ ሥራሽን ያቅናልሽ» ብላት ሄደች። ቀና ሰው አይደለች! ትንሽ ቆይቶ የጓድየው ባለቤት ልብሱን ጨምራ ብትጫናት መኪናዋ ጭጭ። ግንባሯ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ሦስት ጊዜ ብልጭ ብልጭ ብልጭ ትልና ታርፋለች። ደግሞ ሦስት። የፈረንጅ መኪና ሲያማት እንዲህ ነው አሉ የምትናገረው፤ ብልጭታዋን ቆጥሮ ሕመሟን ማወቅ ነው። መግለጫው አብሯት መጥቷል፣ በጀርመንኛ። እሳቸው ከፈቱት፣ ትክ ብለው አዩት፣ ዘጉት። «ይሄ የጥንት ጀርመንኛ ነው» አሉ። ይታይሽ፣ እንዲያ ላለች አዲስ መኪና!

ምርመራው ከዚህ ወዲያ በራሳቸው እጅ ተያዘ። ሶኬቱን ነቀሉ፣ ሰኩ። ጎኗን በጥፊ አሏት። ጀርባዋን ፈትተው መልሰው ገጠሙት፤ ብሎን ተረፋቸው እንጂ አልጎደላቸውም፣ ይህም ቁጠባ ነው። መብራቷ ግን ሦስት ብልጭታዋን አልተወችም። በመጨረሻ ቁጭ ብለው አሰቡ። ሦስት... ሦስት ምንድን ነው? ፊውዳሊዝም! ኢምፔሪያሊዝም! ቢሮክራሲያዊ ከበርቴ! መኪናዋ ሦስቱን የአብዮቱን ጠላቶች እያጋለጠች ነዋ! እኔና አንቺ ብንሆን ይህ በምን ይመጣልን ነበር? ታዲያ የጠላት እጅ ካለ፣ መጨረሻ እጇን ያሳረፈችባት ማን ናት? ተያዘች። ፊውዳሏ በለጡ! ርስቷ ከነጭሰኛው አንድ ሳፋ!

እሷ ታሰረች፣ የመኪናዋ መብራት ግን ብልጭ ማለቷን ቀጠለች። ልብሱ ተከመረ። ባለቤታቸው «ዓይን ነው፣ ጠበል አምጣላት» ብላ አለቀሰች። እሳቸው ደግሞ በሳይንስ ነው የሚያምኑት። ጠበል የጠጣውን ሁሉ እዚህ መድረክ ላይ... እዚያ፣ የማዶው መድረክ ላይ ሂስ ሲያስውጡት አልነበር? አንቺም አንድ ጊዜ ውጠሻል መሰለኝ። እኔማ ሁለት ጊዜ ነው።

አንድ ማለዳ ታዲያ ጉልበቴን ልጠመቅ እያነከስኩ እንጦጦ ወጣሁልሽ። ከፊቴ አንድ ሰው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው ቆመዋል። ፊታቸውን አላየሁም፣ በሰው ነፍስ አልገባም። ከጠበሉ ለመድረስ ጫማ ይወለቃል መቼም፤ ጫማቸውን አውልቀው በብብታቸው ሸጎጡት። እሱን አይቻለሁ። ቡናማ፣ ሶሉ ወፍራም፣ ዘለበቱ በጎን በኩል የሆነ የውጭ ጫማ... ዘውድነሽ! ጠረጴዛ ሥር ምን ታያለሽ? ነውር ነው።

አጥማቂው አባ ሠረቀብርሃን የሰውዬው ተራ ሲደርስ «የታመመው ማነው?» አሏቸው። «ቤት ያለች ናት።» «ምን ሆና?» «ቆማ ቀይ ዓይኗን ታጉረጠርጣለች፣ አትነቃነቅም።» «ምግብስ ትበላለች?» «ልብስ ነው የምትበላው።» አባ አማተቡ! «በሉ የክርስትና ስሟን ንገሩኝ፣ ልጸልይላት» ሲሉ ሰውዬው ላብ በላብ ሆኑ። በመጨረሻ «ወልደ ሐዋርያት» አሉ። «ሴት ናት አላላችሁም እንዴ?» ቢሏቸው «እሱ... የኔ ነው። በኔ ስም ይሁንላት» ብለው አቀረቀሩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። ለመኪና ብለው የክርስትና ስማቸውን አስታወሱ! ሰው ለወለደው እንኳ እንዲህ አይሆንም።

ወረዱና ጀሪካኑን እንዳለ ሆዷ ውስጥ አንቆረቆሩባት። ወዲያው መብራቷ ጠፋች፣ መኪናዋ እያጉረመረመች ተነሳች! ባለቤታቸው እልል ልትል ስትል አፏን በእጃቸው አፈኗት። ታጥቦ አረፋው ሊለቀለቅ ሲል ግን ደግሞ ሦስት ብልጭታ። ሌላ ጠበል ደግሞ የለም፤ ስለዚህ ልብሱ ከነሳሙናው ተሰጣ። ሸሚዛቸው ሲደርቅ ካርቶን ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው አሉ አንገታቸውን የሚያካቸው... ሰው ሲያክ አፍጥጠሽ አትዪ እባክሽ። እንግዲህ ልብስ ባጠቡ ቁጥር ጀሪካን ተሸክመው ያን ዳገት ይወጣሉ። በየካ ምድር እንደሳቸው ጠበል የሚመላለስ ምእመን አለ? አባ እንኳ «ይህ ትጉህ ሰው ማነው?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔም አላወቅኋቸውም አልኩ፤ እስካሁን።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ውኃ ሲገባላት ትነሳለች፣ ውኃ ሲያልቅባት ትቆማለች። ጎማዋ የተሰካው ደግሞ እዚያው ጓጉንቸር በገጠሙበት ቧንቧ ላይ ነው። ዘውድነሽ... መኪናዋ ተጠምታ ቢሆንስ? ቡዳም ባይበላት፣ ኢምፔሪያሊዝምም ባይነካት፣ ዝም ብላ ውኃ ጠምቷት ቢሆንስ? እንዲያ ከሆነ አሻጥሩን የሠራው ቁልፉ ኪሱ ያለው ሰው ሊሆን ነው። ኧረ እኔ አላልኩም! የተማረ ሰው የራሱን ቧንቧ ዘግቶ ሌላ ሰው ያስራል ብዬ እንዴት አስባለሁ?

አሁን ደግሞ ጭንቁ አለባቸው። ቧንቧውን ቢከፍቱት መኪናዋ ትድናለች፣ መኪናዋ ከዳነች በለጡ ንጹሕ ናት። ንጹሕ ናት ካሉ ደግሞ «እስከ ዛሬ ታዲያ መኪናዋ በምን ስትሠራ ነበር?» ይባላሉ። ጀሪካኑ ይወጣል፣ ጋቢው ይወጣል፣ አባ ይጠየቃሉ። ስለዚህ አንዲት ልብስ አጣቢ ወደ ከፍተኛ ብትሄድ ይሻላል። እንዲህ ነው የታጋይ ጽናት! የሌላ ሰው እስር እንዴት አድርገው እንደሚችሉት! እኔ ብሆን አንድ ሌሊት አልተኛም ነበር። ሁለቱም ቁልፍ፣ የቧንቧውም የበለጡም በር፣ እዚያው አንድ ኪስ ውስጥ ነው አሉ። ሲራመዱ ይንሿሿል።

እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አንቺ ብቻ ነሽ የሰማሽው... እናንተም ከኋላ ያላችሁ ከሰማችሁ እንግዲህ ምን አደርጋለሁ? ዛሬ ስብሰባው ላይ አልናገርም ብዬ ነው የመጣሁት። «ጉዳዩ ተጣርቷል፣ ስህተት ነበር፣ በለጡ ትፈታ» ከተባለ እኔ ስለ መኪና ምን አገባኝ? ጉልበቴን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። «አስተያየት ያለው» ከተባለ ግን... ሽምግልና ክፉ ነው፣ አፍ አያስችልም። አባ ሠረቀብርሃንም ዛሬ እዚህ ሰፈር ለቅሶ ሊደርሱ መጥተዋል፤ በር ላይ ቆመው ፀሐይ ሲሞቁ አይቻቸዋለሁ።

በይ ሊጀመር ነው፣ ጓድ ተነሡ። ሰው ካሙ በኋላ ሳይመርቁ መነሣት ጥሩ አይደለም፤ እኒያን የማዶ ሰው ልመርቃቸው። ወልደ ሐዋርያትን ዕድሜ ከጤና ይስጥልን! ጀሪካን ይዞ ዳገቱን የወጣ እግራቸውን እንቅፋት አይንካው! ለመኪናቸው የፈጠነው የእንጦጦ ጠበል ለራሳቸውም አይዘግይባቸው! አሜን በይ እንጂ ዘውድነሽ። ሁላችሁም አሜን በሉ። እሰይ! ጓድ ሊቀመንበር... ምነው፣ ወረቀቱ ወደቀብዎ? አይደንግጡ፣ እርስዎን አይደለም፣ የማዶ ሰው ነው የመረቅነው። ግን ምርቃት የሰማ አሜን ይላል አይደል ወጉ? እስቲ እርስዎም ይበሉ። ትንሽ ጮክ ብለው የኔ ጌታ፣ በለጡም ከግድግዳው ጀርባ ትስማ።