ከክርስትናው ማግስት፦ የአሥር አለቃ ይልማ ወልደማርያም ዜና ሕይወት

ከደጋም ከቆላም ለልቅሶ የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ ዛሬ በመካከላችን የተዘረጋው የአሥር አለቃ ይልማ ልብስና ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ አስከሬናቸው በጠበቁት ድንበር አፈር ውስጥ ቀርቷል።

አሥር አለቃ ይልማ ከአባታቸው ከአቶ ወልደማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ እቴነሽ በ1945 ዓ.ም. በቀወት፣ ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብላ ባለችው በዚህች መንደር ተወለዱ። ፊደል ከቄስ ቆጥረው፣ ሸዋ ሮቢት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው እርሻውን ያዙ።

በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ዘምተው፣ በዓመቱ ለፈቃድ ሲመለሱ ወይዘሮ ሐረገወይንን አግብተው ሕይወትንና ናትናኤልን አፈሩ። ከዚያም በሰሜን ብዙ ከርመው፣ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው ቤታቸው ገቡ። ጠመንጃ ዳግመኛ ላለመንካት ለራሳቸው ቃል ገብተው፣ ከሮቢ ወንዝ በጠለፉት ውኃ ሽንኩርትና ማሾ እያለሙ ኖሩ።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ መያዟ በራዲዮ ሲነገር ግን የቆላው ነገር ሁሉ ተለወጠ። ሽንኩርት ጭነው ወደ አዲስ አበባ ይወጡ የነበሩ መኪኖች ወጣት ጭነው ወደ ደሴ ይነዱ ጀመር። ናትናኤልም ተመዘገበ። አሥር አለቃ አልከለከሉትም፤ እርሱንና ባልንጀሮቹን ሰብስበው፣ ገና ካልደረሰው ሽንኩርታቸው መካከል ምሽግ አቆፋፈር አስተማሯቸው። የመስኖ ጎረቤታቸው አደም፣ “ጋሼ ይልማ፣ ዘንድሮ ሽንኩርት ትተው ሰው ሊተክሉ ነው?” ቢላቸው፣ “ዛሬ ያልቆፈረ ነገ ይቆፈርለታል፤ ይልቅ አካፋህን ይዘህ ና!” አሉት። አደም ሳቀ፤ ከልጆቹ ግን አንድም የሳቀ አልነበረም።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የቀድሞ ወታደሮች ሲጠሩ፣ ምናልባት ከልጄ ጋር አንድ ምሽግ እገባ ይሆናል ብለው ቃላቸውን አጥፈው ዘመቱ፤ አደምም በፈቃዱ ተከተላቸው። የተመደቡት ግን ናትናኤል ወዳለበት አልነበረም።

በመጋቢት 1991 ዓ.ም. አንድ ማለዳ በወረደ የመድፍ ድብደባ የምሽጉ ጫፍ ተደርምሶ አዲስ ምልምሎች ከነነፍሳቸው ተቀበሩ። አሥር አለቃ አካፋ ይዘው ከምሽግ ወጡ፤ ሁለቱን አውጥተው ለሦስተኛው ሲጎነበሱ ተመቱ። ጓዶቻቸው እዚያው ቀበሯቸው፤ ምሽጉ ግን አልተለቀቀም። ይህን የነገረን ክንዱን ቆስሎ የተመለሰው አደም ነው።

አደም ሲመጣ ሕይወት ከወለደች ሳምንት አልሞላትም ነበር። አራስ መርዶ አትሰማምና፣ ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪነሣ ለእርሷም ለእናቷም ማንም ትንፍሽ እንዳይል ሽማግሌዎች አዘዙ። አደም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ገንፎ እየበላ፣ “እንኳን ማርያም ማረችሽ! ጋሼ ደኅና ናቸው፤ አያት መሆናቸውን ሲሰሙ እዚያው ምሽጉ ውስጥ ይጨፍራሉ” አላት። ትናንት በክርስትናው ድግስ የበላን የጠጣን ሁሉ እናውቅ ነበር። እልል ብለን ስንመርቅ፣ ሕይወት ለአባቷ የሚላክ ሥጋ ዘልዝላ በገመድ ሰቀለች፤ ቋንጣው ገና አልደረቀም። ዛሬ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ከደጅ ሲቆሙ ሕፃኑን ከእቅፏ የተቀበላት ባሏ፣ ይህን የሚያነበው አማቻቸው ነው።

አሥር አለቃ ይልማ በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሐረገወይንን፣ ልጃቸውን ሕይወትን፣ አንድም ቀን ያላዩትን የልጅ ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። ናትናኤልንም ትተዋል፤ እርሱ ግን ዛሬም ግንባር ነው፤ አልሰማም። ጦርነቱም አላበቃም፤ ትናንት ማታ እንኳ መኪኖቹ ወደ ሰሜን ሲያልፉ ሰምታችኋል። ወደዚያ የምትሄዱ፣ ብታገኙት እንዳትነግሩት አደራ።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ በደጋጎቹ አባቶች ዕቅፍ ያሳርፍልን። ለናትናኤልም መርዶውን ቤቱ ገብቶ የሚሰማበትን ቀን ያቆይልን። አሜን።