ወንፊት የመሰለው ሽቦ

እስቲ ንገሪኝ የወንድሜ ልጅ፣ ሸለምጥማጥ ዶሮ በልቶ ሚስት የምትባረርበት አገር በየትኛው መጽሐፍ አንብበሻል? እኔ በሰው አገር ዓይኔ እስኪፈዝ የሰው ታሪክ አገላበጥኩ፣ ከእኛው ከሉማሜ በቀር አላገኘሁም።

በእኛ ዘመን፣ በጃንሆይ ጊዜ መሆኑ ነው፣ ከእርሻ መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ ሰውዬ ለአባቴ አሥራ ሁለት የፈረንጅ ዶሮ ሰጠው። ነጫጭ ናቸው፣ ሞኞች ናቸው፣ ቆጥ ላይ መውጣት እንኳ አያውቁም። ታዲያ ሰውዬው፣ «ግራዝማች፣ ቤት ይሠራላቸውና ፊት ለፊቱ በሽቦ ይጋረድ» አለ። እና አባቴ ሽቦ ሊገዛ ደብረ ማርቆስ ሲሄድ እናቴ ተከተለችው፣ እኔም እሷን ተከተልኩ፤ ዶሮ የምታረባው እሷ ናታ።

ባለሱቁ ሁለት ጥቅል አወጣ። አንዱ ቀጭን ነው፣ ቀዳዳው ጣት ብቻ ያስገባል። ሌላው ወፍራም ነው፣ የበግ በረት የሚታጠርበት፣ ቀዳዳው የእኔን ክንድ እስከ ትከሻ ያስገባል፤ አስገብቼ አይቼዋለሁ። እናቴ ቀጭኑን ዳበስ አድርጋ፣

«ይኸኛው ይሁን፣ ግራዝማች። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ አይቸግረውም» አለች።

«ይሄ? ይሄ እኮ ወንፊት ነው።»

«ወንፊት ቢመስልስ?»

«እኔ ግራዝማቹ፣ ወንፊት ተሸክሜ በገበያ መሃል ልለፍ? ዱቄት ልነፋ ነው?»

ባለሱቁ ሳቀ። በቃ፣ በዚያ ሳቅ ነገሩ አለቀ። አባቴ ወፍራሙን ገዛ፣ በአውቶብስ ጣሪያ አስጭኖ ሉማሜ አወረደው፣ እና በገበያው መሃል ተሸክሞት ሁለት ጊዜ ዞረ፣ አንድ ጊዜ አልበቃውም። ሰው ሁሉ አደነቀለት። ሸለምጥማጡም ሳያደንቅ አልቀረም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ዶሮ የለም። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ አራት፣ ላባ ብቻ። ታዲያ አባቴ ሽቦውን ይዞ ይነቀንቃል፣ ሽቦው ንቅንቅ አይልም።

«ይህን ጅብም አይበጥሰው።»

«ማን ይበጥሰዋል አለ? በቀዳዳው ነው የሚገባ» ትላለች እናቴ።

«እንግዲያ ሰው ነው የወሰዳቸው። ደምበጫ ላለው ወንድምሽ እየላክሽለት ነው።»

«ላባውስ?»

«ላባውን ነጭተሽ የበተንሽው አንቺ ነሽ።»

ሦስት ሽማግሎች ተቀመጡ። እኔ ድመታችንን ታቅፌ ሄድኩና በሽቦው ፊት ለቀቅኳት፤ ገባች፣ ዶሮዎቹን ዞር ዞር ብላ አየች፣ ወጣች። «ይኸው» አልኩ። ዋናው ሽማግሌ አለቃ ነበሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው፣

«ልጄ፣ ይህች ድመት ናት። ድመት በዚህ ነገር አልተከሰሰችም» አሉ።

«ሸለምጥማጥም ልኩ እንደሷ ነው፣ አባ።»

«ሲገባ ያየ ምስክር አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያስ» አሉ፣ ሌሎቹ ሁለት ሽማግሎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ግራዝማች ሽቦ መምረጥ አያውቅም ከማለት ሚስቱ ሌባ ናት ማለት ቀለላቸው። እናቴ በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ደምበጫ ወንድሟ ቤት ሄደች፣ እኔን ይዘው አስቀሩኝ።

በዓመቱ አባቴ ያንቺን አያት አገባ። እና አንድ ቀን ከማርቆስ ሲመለስ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። ገለጥ አድርጌ ባይ ቀጭኑ ሽቦ ነው፣ ያ ወንፊቱ። ከዚያ ወዲያ አንድ ዶሮ አልጠፋም። አለቃም እንቁላሉን እየላጡ፣ «ግራዝማች ሽቦ ያውቃሉ» አሉ፣ በጆሮዬ ሰማሁ። ሴትዮዋን እንመልሳት ያለ ግን የለም። እናቴ ደምበጫ የዶሮ ሌባ እንደተባለች ሞተች።

ምነው እስክሪብቶሽን አስቀመጥሽ? ጻፊ እንጂ።

«እትዬ፣ አያቴ ግራዝማች እኮ ሊሞቱ ሲሉ ይቅርታ ጠይቀዋል ይላል አባባ።»

«ማንን?»

«አልጋቸው አጠገብ የነበረውን ሰው ሁሉ።»

«እናቴ አልጋው አጠገብ ነበረች?»

«አልነበሩም።»

እንግዲያስ ይህን ጻፊው። አባቴን ይቅር አላልኩም። ሽማግሎቹን አላልኩም፣ የሳቀውን ባለሱቅም አላልኩም። ጋቢውን ገልጬ አይቼ ዝም ያልኩትን እኔንም አላልኩም። ይቅር የምለው ሰው የለም።