ሳልቀምስ ያጠጣሁት ወተት

የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ከተማ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ለመሸኛዬ ይህን ዳስ ስለጣላችሁልኝ፣ ወንበሩንም ከትምህርት ቤት ድረስ ተሸክማችሁ ስላመጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ጋቢውንም አይቼዋለሁ። አዋሽ ዳር፣ በሰኔ ሙቀት፣ ጋቢ! የመረጠልኝን ሰው ሳላመሰግን አላልፍም። ደጋ አገሯ ስትገባ ይሞቃታል ብሎ ይሆናል። ወይም ቶሎ እንድሄድለት ይሆናል።

ሳቁ፣ ሳቁ። ቀጥሎ የምናገረው አያስቅም።

ቅድም የጽሕፈት ቤቱ አቶ ወልደ ኢየሱስ ሲያስተዋውቁኝ «የወይዘሮ ይርገዱ ክፍል ሰባት ዓመት ሙሉ የልጅ ለቅሶ ያልተሰማበት ክፍል ነው» አሉ። አጨበጨባችሁ። አቶ ወልደ ኢየሱስ፣ ሰባት አይደለም። ከጥር ወዲህ ለቅሶ ነበር፤ እስከ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ይሰማ ነበር። እርስዎም መስኮትዎን ሲዘጉ አይቻለሁ።

አዲስ ለሆናችሁ ልንገራችሁ። እኔ የሕፃናት ማቆያው ጠባቂ ነኝ። እናቶች ጥጥ ለመልቀም፣ አረም ለማረም ሲወጡ ልጆቻቸውን ትተው የሚሄዱት እኔ ጋ ነው። አንዳንዱ ልጅ ክርስትና በተነሳ ማግስት ይመጣል። ስቀጠር ፊደል አላውቅም ነበር። የልጆቹን ጣሳ የምለየው በክር ነው፤ የአንዱ ቀይ ክር፣ የሌላው ጥቁር ክር።

በመጀመሪያው ዓመት የዱቄት ወተት መጣልን። በጉድጓዳችን ውሃ በጠበጥኩት። ውሃችንን ታውቁታላችሁ፤ ጨው ጨው ይላል። ልጆቹ ተፉት። ሠላሳ ልጅ በአንድ ክፍል፣ በዚህ ሙቀት፣ ተርቦ ሲያለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ከሰማሁ በኋላ ያደረግሁትን ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

የፓምፕ መሐንዲስ የነበረው ፈረንጅ የስኳር በሽተኛ ነበር። አገሩ ሲገባ ሁለት ቆርቆሮ ሳካሪን ትቶ ሄደ፤ ያቺን የራስ ምታት ክኒን የምትመስለውን ነጭ ፍሬ። ስኳር አይደለችም፤ ግን ትጣፍጣለች። ቤቱን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ቆርቆሮዎቹን ወደ ማቆያው ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ይህን በደንብ ስሙልኝ፤ በኋላ ጽሕፈት ቤቱን እወቅሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ራሴን።

በአንድ ጆግ ወተት አንድ ክኒን ጣልኩ። ጠጡት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታው ለእኔም ጣፈጠኝ።

በሁለተኛው ወር አንዷ አልበቃቸው አለች፤ ሁለት አደረግኳት። ዓመት ሳይሞላ ሦስት። ከዚያ በሚጠጡት ውሃ፣ ከዚያም በአጥሚታቸው።

«ለምን ቀምሰሽ አላየሽውም?» ትሉኝ ይሆናል። የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው። እኔ ጾመኛ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ የገናው፣ ይኸው አሁን የያዝነው የሰኔው፤ ከዓመቱ ግማሽ የሚበልጠውን ወተት ከከንፈሬ አይደርስም። በፍስኩ ቀን ደግሞ የድሀ ልጅ ድርሻ አልነካም እል ነበር። ከልጆቹ ባልዲ ውሃ እንኳ አልጠጣም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ «ይርገዱ የልጅ ወተት አትቀምስም» እያሉ ያከብሩኝ ነበር። እኔም በዚህ እኮራ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ በሰው ልጅ አፍ ውስጥ ምን እንደምጨምር ሳላውቅ ስጨምር ኖርኩ፤ ስለጾምኩ!

አስተዳደሩ ስለ ጸጥታው ሰማ። የምስጋና ወረቀት በመስታወት አድርጎ ሰጠኝ። ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ምን እንደሚል አላውቅም። አንድ ቀን ዘበኛችን ጣሃ ገባና «እማማ ይርገዱ፣ ወላሂ ተገልብጦ ነው የተሰቀለው» አለኝ። አፍሬ አወረድኩና ገለበጥኩት። አቶ ከተማ በማግስቱ ለጉብኝት ሲመጡ ነው ለካ ቀድሞ ልክ እንደነበረ ያወቅነው። ጣሃም እንደኔ ፊደል አይለይም ነበር። ይኸውና እዚያ ጋ ቆሞ ይስቃል።

ከወረቀቱ ጋር «እንዲሁ ይቀጥል» የሚል ትእዛዝም መጣ። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው በባቡር ይመጣልን ጀመር፤ ሾፌራችን ከማሉዲን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ጣቢያ ተቀብሎ ያመጣዋል። አንድ ጊዜ የክሊኒካችንን ድሬሰር አቶ ካሕሳይን ጠየቅኳቸው። «ለበሽተኛ የተፈቀደ ነገር ጤነኛ ልጅ ምን ያደርገዋል?» አሉኝ። ደስ አለኝ። እንዲያ እንዲሉኝ ነበር የጠየቅኳቸው።

ከዚያ አንዳንድ ነገር ማየት ጀመርኩ። መምህር ባፈና አንድ ጠዋት መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «እትዬ ይርገዱ፣ የእርስዎ ልጆች ምን ሆነዋል?» አሉ። «ከእርሻው ብርቱካን አመጣሁላቸው። ሌሎቹ ልጣጩን ሳይቀር ሲበሉ የእርስዎዎቹ ጎመዘዘን ብለው ጣሉት።» የእኔ ልጆች ያሏቸው ከማቆያው ወጥተው ትምህርት ቤት የገቡትን ነው። ብርቱካን ጎመዘዘን! ብርቱካን በሚበቅልበት አገር!

ፊደል ያስቆጠሩኝም እኚሁ መምህር ባፈና ናቸው፤ ከሥራ በኋላ፣ ከልጅ ልጆቼ እኩያ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው። እጄ ቀለም እስክሪብቶ መያዝ እንደቻለ ደብተር ገዛሁ። የልጆቹን ስም ጻፍኩ፤ በስንት ወራቸው እንደመጡ፣ ምን እንደሚጠጡ፣ ምን እንደሚተፉ። ጽሑፌ ጠማማ ነው፤ ያየሁት ግን ጠማማ አልነበረም። ሁለት ሦስት ዓመት ሞልቷቸው የመጡት፣ አፋቸው የቤታቸውን ምግብ አውቆ የመጡት፣ ክኒኗን ቢወዷትም ስትቀርባቸው ሌላውን ይበላሉ። በአራስነታቸው የመጡት ግን ከእሷ ሌላ ምግብ መኖሩን አያምኑም። መጀመሪያ የቀመሱት እሷን ነዋ!

አረመኛዋን አስካለማርያምን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት። ትልቋ ማሚት ወደ እኔ የመጣችው በሦስት ዓመቷ ነው። ታናሿ ሰርክአዲስ በሰማንያ ቀኗ። አንድ እናት፣ አንድ ቤት፣ አንድ ድስት። ማሚት የጉድጓዱን ውሃ ግጥም አድርጋ ትጠጣለች። ሰርክአዲስ ገና በአምስት ወሯ የእናቷን ጡት ተወች። አስካለማርያም «እትዬ፣ ልጄን ቀማሽኝ እኮ» አለችኝ። እየሳቀች ነበር ያለችኝ። እኔም ሳቅሁ።

አምና በነሐሴ ጎርፉ ሐዲዱን በላው። ባቡር አሥራ አንድ ቀን ቀረ። ቆርቆሮው ባዶ ሆነ። ትልልቆቹ ሁለት ቀን አኩርፈው በሦስተኛው ተመለሱ። ትንንሾቹ እየተነጫነጩ ትንሽ ትንሽ ቀመሱ። በሳምንቱ ተቅማጥ ገባ። ሰርክአዲስ ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር። አቶ ካሕሳይ መጥተው «የፈላ ውሃ በማንኪያ፣ ሳታቋርጡ» አሉ። ትክክል አሉ። እናቷ የልጇን ጭንቅላት ያዘች፣ እኔ ማንኪያውን። ሰርክአዲስ አፏን ገጠመች። ስኳር ከየቤቱ ለቃቅመን ጨመርን፤ ቀመሰችና ፊቷን አዞረች። ሦስት ክኒን ለለመደ አፍ የኛ ስኳር ምኑ ነው? አስካለማርያም ጡቷን አወጣች። ደርቋል። ከደረቀ ዘጠኝ ወሩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሞተች።

የገደላት ተቅማጥ ነው። አቶ ካሕሳይ በወረቀታቸው ላይ እንዲያ ጽፈዋል፤ አልዋሹም። ክኒኗ ገደለቻት አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። እኔ የምለው «ውሃው ከንፈሯ ላይ ነበር» ነው። ያን አፍ እንዲያ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ።

ከቀብሩ በማግስቱ ከማሉዲን አዲሱን ቆርቆሮ አመጣ። ፍልሰታ ነበር። ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት እንደ ወትሮው በጠበጥኩት፤ ሦስት ክኒን። ከዚያ የሰርክአዲስን ጣሳ፣ ባለ ቀይ ክሩን፣ አነሳሁና ቀድቼ ጠጣሁት። ጾሜን ገደፍኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ምን ልበላችሁ? ጣፋጭ አትባልም፤ የጣፋጭ ጩኸት ናት። ምላሴን ያዘችው። ከኋላዋ ደግሞ ብረት የላሰ ሰው ምሬት አለ። እላዩ ላይ ውሃ ጠጣሁበት፤ የኖርኩበት ውሃ አፈር አፈር አለኝ። እራቴ ላይ ሹሮው ጣዕም አጣብኝ። እኔን አሮጊቷን አንድ ጣሳ እንዲህ ካደረገችኝ፣ ሌላ ነገር ቀምሶ የማያውቅ የሰማንያ ቀን ልጅ ምን ያድርግ?

በዚያው ቀን ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። አቶ ከተማ፣ ያሉኝን ያስታውሳሉ? «ወይዘሮ ይርገዱ፣ ልጆቹ ዝም ካሉ እናቶቹ ይሠራሉ። ባልታወቀ ነገር አናሸብራቸው።» እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ያልኩት ግን ውሸቴን ነው። በየወሩ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ፣ ወደ ግማሽ አወረድኩት። በጥር ጨርሼ ተውኩ። የሰማችሁት ለቅሶ እሱ ነው። ከጥር ወዲህ የመጡ አራት አራሶች አሉ፤ ክኒኗን ቀምሰዋት አያውቁም። አንዳቸውም ውሃ አይተፉም። የሚያለቅሱት የእኔዎቹ ናቸው።

በመጋቢት ከጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣልኝ። በዕድሜዬ ራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። «በክፍሉ ውስጥ በሚሰማው ለቅሶ ምክንያት» ይላል፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ያን ቀን ማቆያው ገብቼ የምስጋና ወረቀቱንም ከግድግዳው አውርጄ አነበብኩት። «ሕፃናቱ ሳያለቅሱ ወተታቸውን እንዲጠጡ በማድረጓ» ይላል። ሳላነብ የተመሰገንኩበትንና አንብቤ የተወቀስኩበትን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው፣ አቶ ከተማ። በግንቦት «ዕድሜሽ ደርሷል፣ እረፊ» ተባልኩ። ዕድሜዬን የጻፈልኝ እኮ ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ በግምት!

አይቁጡ፣ ልጨርስ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከማሉዲን አንድ ሙሉ ሣጥን ሳካሪን ከጣቢያ አመጣ። በእኔ ቦታ ንጋትወርቅ ተተክታለች፤ ጎበዝ ልጅ ናት። «ክፍሉ እንደ ድሮው ጸጥ ይበል» ተብላለች፤ ራሷ ነገረችኝ። ሰኞ ደግሞ አዲስ ሕፃን ይገባል። እናቱ እዚህ ተቀምጣለች፤ ጸሐፊያችን አትክልት። አትክልት ልጄ፣ አንገትሽን አትድፊ። ልጅሽ እስከ ዛሬ የቀመሰው ያንቺን ወተት ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለተኛውን ይቀምሳል። ምን እንደሚቀምስ ቆመሽ እዪ፤ አረመኞቹ ቆመው የሚያዩበት ጊዜ የላቸውምና ለእነሱም ጭምር እዪላቸው።

አቶ ከተማ፣ የምስጋና ወረቀቱን ይኸው፣ ጠረጴዛዎ ላይ አኖራለሁ። ማስጠንቀቂያውን ይዤው እሄዳለሁ፤ ሠርቼ ያገኘሁት እሱን ነው።

ንጋትወርቅ፣ ነይ ወደዚህ። የቁምሳጥኑ ቁልፍ ይኸውልሽ። ደብተሬም ይኸው፤ አንቺ ከእኔ ይልቅ በደንብ ታነቢያለሽ። ይህች ጣሳ ደግሞ የሰርክአዲስ ናት። ክሩ አሁንም አለ፤ የልጅቷን ስም በሚስማር ጽፌባታለሁ። ለሌላ ልጅ አትስጪያት። በየጠዋቱ ለልጆቹ ከመቅዳትሽ በፊት ከዚያው ጆግ በዚህች ቅጂና አንቺ ጠጪ። የጠጣሽው ውሃ ተጉመጥምጠሽበትም አፍሽ ላይ ከቆየ፣ ድፊው። ይቆጡሻል። ልጆቹም ያለቅሳሉ። ያልቅሱ፤ የሚያለቅስ ልጅ አፉን ይከፍታል።

እንግዲህ ደህና ሁኑ። ልጅ ያላችሁን እግዚአብሔር ያሳድግላችሁ፤ የሌላችሁን ይስጣችሁ። ጣሃ፣ ከማሉዲን፣ የእናንተንም አላህ ይጠብቅላችሁ። ጉድጓዱ አይድረቅባችሁ። ውሃው ለልጆቻችሁ ውሃ ውሃ ይበላቸው። አስካለማርያምን ስታገኟት ሰላም በሉልኝ፤ እኔን አታናግረኝም።

ንጋትወርቅ፣ አውቃለሁ፣ አንቺም ጾመኛ ነሽ። ሰኞም የሰኔ ጾም አልወጣም። ግድ የለሽም፣ ቅመሽው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።