ያለውን ፋይል የለም ያለው መልእክት

ሰው ሁሉ በአክብሮት ‹ምዜ›፣ ማለትም ሽማግሌው፣ የሚላቸው ኦዴራ ኪሱሙ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ካሉት አሳ ቤቶች በአንዱ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። የቀረበላቸው የቲላፒያ አሳ ከነኡጋሊው፣ ከነበቆሎ ገንፎው ቀዝቅዟል። ማዕበል ሲመጣ አሳ አጥማጆችን በስልክ የሚያስጠነቅቀውን ፕሮግራም የጻፉት እኚህ ሰው፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ በኋላ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አራት ቀን ሙሉ አሸንፋቸው፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፈው በኪሳቸው ይዘዋል።

ሌላው ጠረጴዛ ሁሉ ሞልቶ ስለነበር የጎረቤታቸው ልጅ አፖንዲ ፈቃድ ጠይቃ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እሷም በዚያው ሙያ ተመርቃ ሁለት ዓመቷ ነው።

«ምዜ፣ አሳው ምን በደለዎት? እንዲህ የሚያፈጡበት!»

«አሳው ምን ያድርግ ልጄ፣ ጭንቅላቴ ነው የከዳኝ። ፕሮግራሙን ከየክፍሉ የሚገጣጥምልን በነፃ የሚታደል መሣሪያ አለ አይደል? ‹ፋይሉ የለም› ይለኛል። ፋይሉ ደግሞ አለ! እከፍተዋለሁ፣ አነበዋለሁ። እርጅና መጣ፤ ነገ ሥራዬን እለቃለሁ።»

አፖንዲ ደነገጠች። «እስቲ ያሳዩኝ» ብላ ላፕቶፓቸውን አስከፈተቻቸው። ጥቂት አየችና ሳቀች።

«ይህን ፋይል በሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ነክተውታል?»

«አዎ፣ ቤቴ ባለው።»

«እሱ በየመስመሩ ጫፍ የማትታይ ምልክት ይተዋል። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ‹የሚያስኬደኝ እገሌ የሚባለው ፕሮግራም ነው› ይላል። ምልክቷ ስሙ ላይ ስትለጠፍ ስሙ ሌላ ሆነ፤ በዚያ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ደግሞ የለም። የጠፋው እገሌ ነው፤ መሣሪያው ግን የርስዎን ፋይል ስም ጠርቶ ‹የለም› አለ።»

ምልክቷን አጠፋችው፤ ፕሮግራሙም ተገጣጠመ። ምዜ ኦዴራ መርቀዋት ሊነሱ ሲሉ፣ «ገና ነን እኮ! ለመሣሪያው ሠሪዎች፣ ሁሉም በሚያነበው ገጻቸው ላይ እንጻፍላቸው» አለች።

«በነፃ ላበላኝ ሰው ጨው አነሰው ልበል?»

«ካልነገሩትማ ነገም የመጣው እንግዳ ሁሉ አልጫ ሊበላ ነው።»

«አንቺ ልጅ! በዚህ ሽበቴ፣ በስሜ፣ በአደባባይ ‹አልገባኝም› ብዬ ልጻፍ? ያስተማርኳቸው ልጆች ያነቡታል እኮ!»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ምዜ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ለርስዎ ያልገባ ለጀማሪ ሊገባው ነው? እኔ ብጽፍ ‹ልጅ ናት፣ ትማር› ይሉኛል። የርስዎን ‹አልገባኝም› ግን ማንም አይንቀውም።»

እውነቱን ለመናገር፣ ከሥራው ይልቅ እፍረቱ ያደከመን ብዙዎች ነን። በመጨረሻ ሽማግሌው ጻፉ፤ ምን እንዳዘዙ፣ መሣሪያው ቃል በቃል ምን እንደመለሰ፣ የጠፋው በእርግጥ ምን እንደነበረ፣ መልእክቱ ምን ቢል እንደሚሻል። አንድም ቁጣ አልነበረበትም። ‹አልገባኝም› የሚለውን ቃል ግን ሦስት ጊዜ አጥፍተው በአራተኛው እንዳለ ተዉት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ማን አላግጦብኝ ይሆን ብለው እየፈሩ ገጹን ከፈቱት። ከፔሩ አንዱ «እኔንም ሦስት ቀን አስሮኛል» ብሏል። ከኮሪያ፣ ከፖላንድ፣ ከማያውቁት አገር ሁሉ ተከታትለው ጽፈዋል። አንዲት ሴት፣ «በዚህ መልእክት የተነሳ ሙያውን ለመተው ወስኛለሁ» ትላለች። ከሁሉ በታች ሠሪው ራሱ ነበር፦ «ያንን ዓረፍተ ነገር ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በችኮላ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የነገረኝ ስለሌለ ግልጽ መስሎኝ ኖሬአለሁ። ይቅርታ። እርስዎ ባሉት ቃል ተክቼዋለሁ።»

ምዜ ኦዴራ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ይህ ሁሉ ሰው፣ በዚህ ሁሉ አገር፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ፊት ተቀምጦ እያንዳንዱ ለብቻው ራሱን ደደብ ሲል ኖሯል! አሁን ደግሞ ከሐይቁ ዳር በተጻፈ አንድ ገጽ፣ ገና ያልተወለደ ተማሪ ሳይቀር አራት ቀኑ ሊተርፍለት ነው። ደስታው ከመደነቅ ጋር ተደባልቆ ወረራቸው።

ወዲያው ለአፖንዲ ደወሉ። «ልጄ፣ ረትተሽኛል። ዝም ልበል ያልኩት ጨዋነት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰው መበደል ነው።»

ከዚያም ለማያውቋት ሴት እንዲህ ሲሉ ጻፉላት፦ «እህቴ፣ ሙያሽን አትተዪ። አጥፊው መልእክቱ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ይህን የምልሽ፣ ዛሬ ሥራዬን ልለቅ የነበርኩ ሽማግሌ ነኝ፤ አሁን ግን ረፍዶብኛል፣ ወደ ሥራ ልሂድ።»