ካሜራ የሚውጠው ተቆጣጣሪ

(ጉለሌ፣ አምስት አባወራ አንድ ሽንት ቤት የሚጋራበት የቀበሌ ግቢ፤ ጡረተኛው የአውቶብስ ትኬት ተቆጣጣሪ አቶ ድንበሩ፣ ነገ ሆዱን ሊታይ ዛሬ አንጀቱን ማጠብ ያለበት ምስኪን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያኮረፈችውን የአበልጁን የወይዘሮ የሺመቤትን ደጅ ከሰዓት በኋላ አንኳኩቶ፣ ያውም እሱ፣ ጓሮዋ ያለውን የግል ሽንት ቤቷን ለምኗት መልሷን ይጠብቃል።)

የሺመቤት፦ አልሰማሁም። እስቲ ይድገሙት።

ድንበሩ፦ ሰምተሻል።

የሺመቤት፦ ሰምቻለሁ፤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር አንዴ ብቻ ሰምቶ መተው ያስቆጫል።

ድንበሩ፦ የሽንት ቤትሽን ቁልፍ አውሺኝ። ለዛሬ ብቻ።

የሺመቤት፦ የማንን ሽንት ቤት?

ድንበሩ፦ ያንቺን።

የሺመቤት፦ ያንን «ምን የሚሉት ቅብጠት ነው፣ ለአንዲት ሴት አንድ ሽንት ቤት» ያሉትን?

ድንበሩ፦ እሱን ያልኩት ተናድጄ ነው። ደግሞ እርስዎ እርስዎ ማለቱን ተይው፤ አበልጆች ነን።

የሺመቤት፦ ነበርን። የማኅበሬ ዕለት፣ ግቢው በማኅበርተኛ ሞልቶ ሳለ፣ የጋራው ሽንት ቤት በር ላይ ቆመው በከዘራዎ እያንኳኩ «ወይዘሮ የሺመቤት፣ ሰዓትዎ አልቋል» አሉኝ። ቄሱ ሳይቀሩ ሰሙ። ከዚያን ቀን ወዲህ የራሴን አስቆፈርኩ፤ እርስዎም እርስዎ ነዎት።

ድንበሩ፦ ሥርዓት ነው። አምስት አባወራ ነው የሚጠቀምበት።

የሺመቤት፦ ታዲያ ሥርዓትዎ ምን ሆነ? እሱኑ ይጠቀሙ።

ድንበሩ፦ የዛሬው ይበዛል።

የሺመቤት፦ ምኑ?

ድንበሩ፦ መመላለሱ። ነገ ሆዴን ሊያዩልኝ ነው፤ አንጀቴ ባዶ መሆን አለበት። የሚያጥብ ዱቄት ሰጥተውኛል። በውሃ በጥብጦ ጠጥቶ፣ የሚወጣው ነገር ውሃ እስኪመስል ድረስ መመላለስ ነው።

የሺመቤት፦ ኮሶ ነዋ።

ድንበሩ፦ የዘመኑ ኮሶ በይው።

የሺመቤት፦ እና እርስዎ ሲመላለሱ ጎረቤት ከዘራ ይዞ በሩ ላይ እንዳይቆምብዎ ፈሩ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ድንበሩ፦ የግቢው ሰው በሙሉ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው።

የሺመቤት፦ እኔም ሻማ ተስዬበት ነበር። ለመሆኑ ምንዎን ነው የሚያዩት?

ድንበሩ፦ ደም ያንስሃል አሉኝ። ሁለት ጊዜ ደም ተሰጠኝ፤ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። እዚያው ሐኪም ቤት ከታች አጥበውኝ፣ ከላይ በቱቦ አዩ፣ ከታች በቱቦ አዩ፣ ምንም የለም። መሃሉ ቀረ። መሃሉ ጋ ደግሞ ቱቦው አይደርስም። ስለዚህ ካሜራ ልውጥ ነው።

የሺመቤት፦ ምን ሊውጡ?

ድንበሩ፦ ካሜራ። እንደ ክኒን ያለች ናት፤ ባቄላ ታክላለች። መብራት አላት። አንጀቴ ውስጥ እየሄደች ፎቶ ታነሳለች፣ ወገቤ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ ፎቶውን ይቀበላታል።

የሺመቤት፦ ዕድሜዎን ሙሉ አውቶብስ ውስጥ ሰው ሲቆጣጠሩ ኖረው፣ በእርጅናዎ ተቆጣጣሪ ሊውጡ ነዋ።

ድንበሩ፦ ተሳለቂ።

የሺመቤት፦ ትኬት ያልቆረጠ ምስር ካገኘች ጉድ ፈላ።

ድንበሩ፦ ምስር ካገኘችማ ምንም አታይም። ለዚህ እኮ ነው መታጠቡ። ከጠዋት ጀምሮ ውሃና የተጣራ መረቅ ብቻ ነው የቀመስኩት።

የሺመቤት፦ ሥራዋን ስትጨርስስ?

ድንበሩ፦ ትወጣለች።

የሺመቤት፦ በየት?

ድንበሩ፦ በየት ትወጣለች ብለሽ ነው?

የሺመቤት፦ የእኔ ጉድጓድ ውስጥ? መብራቷን እንዳበራች? እኔ ከላይ ስቀመጥ እሷ ከታች ፎቶ ስታነሳኝ ልትኖር?

ድንበሩ፦ እስከዚያ ባትሪዋ ያልቃል።

የሺመቤት፦ ከእርስዎ ወገን የሆነ ነገር ባትሪው ሲያልቅ አይቼ አላውቅም።

ድንበሩ፦ እሺ፣ እሷን የጋራው ውስጥ እጥላታለሁ። እኔ የጠየቅሁሽ የዛሬውን ነው።

የሺመቤት፦ የክርስትና ልጄ ቤት ሁለት ሽንት ቤት አለ። አንዱማ ገና እንግዳ እንኳ አልገባበትም። ልጅዎ አይደለችም? ለምን ሰናይት ጋ አልሄዱም?

ድንበሩ፦ ልጅቷን ላስጨንቃት? አልነገርኳትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

የሺመቤት፦ ሆድዎማ ደምዎን ፈጀው። ወንድምዎስ? ያን የሚያህል ግቢ ውስጥ ብቻውን ነው የሚኖረው።

ድንበሩ፦ ሩቅ ነው። ታክሲ ውስጥ ቢመጣብኝስ?

የሺመቤት፦ ሄደው እዚያው መጠጣት ነዋ።

ድንበሩ፦ አሁን ትሰጪኛለሽ፣ አትሰጪኝም? አልሰጥም በይኝና ልሂድ።

የሺመቤት፦ ምን አጣደፈዎ? መጣብዎ እንዴ?

ድንበሩ፦ እ… አዎ። እየመጣ ነው።

የሺመቤት፦ መቼ ነው የጠጡት?

ድንበሩ፦ ቅድም። ቀትር ላይ።

የሺመቤት፦ እናቴ ኮሶ እያጠጣች ነው ያሳደገችን። ኮሶ የጠጣ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ አይሟገትም፣ አቶ ድንበሩ። ሰላምታ እንኳ አያስጨርሰውም። እርስዎ ይኸው ሥርዓት አስተማሩኝ፣ ስለ ካሜራ አስረዱኝ፣ ልጅዎንም ወንድምዎንም አነሳን፤ እግርዎን እንኳ አላነባበሩም።

ድንበሩ፦ ሰው ከሰው ይለያያል።

የሺመቤት፦ ኪስዎ ውስጥ የሚንኮሻኮሸው ምንድን ነው?

ድንበሩ፦ ምንም።

የሺመቤት፦ እስቲ «ምንም»ዎን ያውጡትና ልየው… ይኸው ዱቄቱ። አፉ እንኳ አልተቀደደም።

ድንበሩ፦ ልጠጣው ነበር።

የሺመቤት፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንተ ቁልፍ ፈልገህ አይደለም የመጣኸው።

ድንበሩ፦ አንተ አልሽኝ።

የሺመቤት፦ በቃል አትያዘኝ። በዚህ ሁሉ ሰፈር እንቢ እንደምትልህ እርግጠኛ የሆንክባት ሴት እኔ ነኝ። ለዚያ ነው የመጣኸው። ነገ ለሐኪሙ «ሽንት ቤት አጣሁ፣ አበልጄ ከለከለችኝ» ብለህ ልትቀር። በእኔ ክፋት ልታመካኝ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አሉ።

ድንበሩ፦ እንቢ ማለት ምን ያስቸግርሻል? ሦስት ዓመት ሙሉ ስትይው የኖርሽው አይደል? አንድ ቀን ለእኔ ቢጠቅም ምናለበት?

የሺመቤት፦ ለምን?

ድንበሩ፦ ፈራሁ።

የሺመቤት፦ ካሜራዋን?

ድንበሩ፦ የምታየውን። ሚስቴን አታስታውሺም? አስናቀች ሐኪም እስኪያያት ድረስ በእግሯ ገበያ ደርሳ ትመለስ ነበር። አዩዋት፣ አገኙባት፣ ተኛች። በዚያው ሄደች። ሳያዩዋት ደህና ነበረች።

የሺመቤት፦ ደህና ነበረች?

ድንበሩ፦ ዘንቢሏን ሞልታ ስትገባ በዓይኔ ነበር የማያት።

የሺመቤት፦ ዘንቢሉን የምሸከምላት እኔ ነበርኩ። ከገበያው እስከ ግቢው በር እኔ፤ ከበሩ እስከ ቤትህ እሷ። አንተ እንዳታይ። ዓመት ሙሉ። መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እያረፈች ነው የምትመጣው። ታዪ ስላት «ካገኙብኝስ» ትለኛለች፣ ልክ እንዳንተ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ብለምናት፣ እንቢ። የታየችው ከረፈደ ነው።

ድንበሩ፦ አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም።

የሺመቤት፦ አስምላኝ ነበር። ከሞተች በኋላ ደግሞ ማንን ልጥቀም ብዬ ልንገርህ?

ድንበሩ፦ ዓመት ሙሉ።

የሺመቤት፦ ዓመት ሙሉ። ግባ አሁን፣ ደጅ አትቁም። ወንበሩን ወደ ጓሮው በር ጠጋ አድርገው። ውሃው ስንት ነው ብለውሃል?

ድንበሩ፦ ሁለት ሊትር። ጣዕሙ አያድርስ ነው አሉ።

የሺመቤት፦ ካንተ ጠባይ አይብስም። እስከ ማታ ቀስ እያልክ ትጨርሰዋለህ። ነገ ካሜራህን እስክትውጥ ድረስ እህል የሚባል ባፍህ አይዞርም። ጠዋት ሰናይት ትወስድሃለች፤ እኔ እደውልላታለሁ።

ድንበሩ፦ ለሰናይት አትንገሪ። በእግዚአብሔር።

የሺመቤት፦ ዘንቢል ተሸክሜ ዝም ያልኩት ይበቃኛል። ይኸው በጥብጬልሃለሁ፣ እንካ።

ድንበሩ፦ ይሄ ሁሉ ነው አንድ ብርጭቆ?

የሺመቤት፦ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ድንበሩ፦ የሺ።

የሺመቤት፦ ምነው?

ድንበሩ፦ ካገኙስ?

የሺመቤት፦ ካገኙ ትታከማለህ። እኔ አንተን አኩርፌ ገና አልጠገብኩም፤ ጠጣ።