ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት የላክሁት መልስ

ክቡራትና ክቡራን፣ ቅዳሜያችሁን ለእኔ ስንብት ብላችሁ ሐይቅ ዳር ስለመጣችሁ፣ ዓሣውንም ስላዘዛችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በቅድሚያ ግን የጀመራችሁትን ዓሣ ጨርሱ። የምናገረውን ከሰማችሁ በኋላ የመብላት ፍላጎት የሚቀራችሁ አይመስለኝም።

እኔ ሄራን፣ በአፈር ምርመራ ላቦራቶሪያችን አራት ዓመት ሙሉ የሰው አፈር ስወቅጥና ስነፋ የኖርኩት፣ እንደምታውቁት ዘንድሮ ለማስተርስ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበሉኝ። አንዱ ኔዘርላንድ፣ አንዱ ፊንላንድ። ያን ቀን ጸሐፊያችን እትዬ ጸሐይወርቅ እልል እያሉ መጡ። አለቃችን ጋሽ ግዛቸውስ ምን አሉ? «ይህ በአንድ ሰው የሚወሰን ጉዳይ አይደለም፤ ኮሚቴ ይቋቋም!»

ተቋቋመ። ሰብሳቢ አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው፣ አባል ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ። መልስ የምሰጥበት የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ ሰባት ነበር። የመጀመሪያው ስብሰባ ምልአተ ጉባኤ ስላልተሟላ ተበተነ። ሁለተኛው፣ ሹፌራችን አብዱልሃሚድ መስክ ስለወጣ ተላለፈ። «ያለ ሹፌር አይሆንም እንዴ?» ብል፣ «እሱ ከሌለ ማን ይቃወማል?» ተባልኩ።

በመጨረሻ ሚያዝያ አሥራ አንድ ተሰበሰባችሁ። ሁለት ሰዓት ተከራክራችሁ፣ አብዱልሃሚድ ራሱ ሳይቃወም፣ በሙሉ ድምፅ ወሰናችሁ፦ ኔዘርላንድ! ጋሽ ግዛቸው የተማሩበት አገር ስለሆነ ብዙም አልገረመኝም። ማኅተም መታችሁበት፣ አጨበጨባችሁ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እኔ ሚያዝያ ሰባት ለፊንላንድ «እሺ»፣ ለኔዘርላንድ «ይቅርታ» ብዬ ጽፌ ነበር።

ቆይ፣ ቆይ! ስሙኝማ! እትዬ ጸሐይወርቅ፣ ኬኩን አይሸፍኑት፤ ላዩ ላይ ኔዘርላንድ እንደሚል አይቻለሁ። እንበላዋለን፣ ጣዕሙ አይለወጥም።

ለምን ፊንላንድን መረጥኩ? ኔዘርላንዶቹ የምርምር ርዕሶች ዘርዝረው «ምረጪ» አሉኝ። የፊንላንዷ ፕሮፌሰር ግን በቪዲዮ ስታነጋግረኝ «አንቺ ራስሽ ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። አራት ዓመት የሌላ ሰው ጥያቄ ስመልስ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሐይቃችን ውስጥ የሚገባው ደለል ከየትኛው ማሳ እንደሚመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ ብዬ ለፈለፍኩ። አንድ ሰዓት አዳመጠችኝ። በቃ፣ ልቤ እዚያው ቀረ።

«ታዲያ አራት ወር ሙሉ አፍሽን ምን ዘጋው?» በሉኛ! ሰባት ሰው ተቀምጦ በእኔ ዕድል ሲጣላ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። አብዱልሃሚድ «ፊንላንድማ ብርድ ይገድላታል!» ብሎ ጠረጴዛ ሲመታ እንባዬ መጣ። ያን ሁሉ ፊት እያየሁ «ነገሩ አልቋል» ማለት አቃተኝ። ደስ ብሎኝ ነበራ! ፈሪም ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ዛሬ ግን የግድ ሆነ። ማክሰኞ እበራለሁ፤ ጋሽ ግዛቸው ደግሞ የድሮ የክፍል ጓደኛቸው አምስተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ እንዲቀበለኝ ነግረውታል። ጋሼ፣ ሌላው አለቃ «የድጋፍ ደብዳቤሽን ራስሽ ጻፊና አምጪ፣ እፈርማለሁ» ሲል፣ እርስዎ ሁለት ቀን ተቀምጠው በራስዎ ቃል ጻፉልኝ። ያን ደብዳቤ ይዤ እርስዎ ያላሰቡልኝ ቦታ መሄዴ ያስቀይምዎታል ብዬ ነው የፈራሁት። አሁንም እየፈራሁ ነው። እባክዎ ለሰውየው ይደውሉለት፣ በከንቱ እንዳይቆም። እኔንም ይቅር ይበሉኝ።

እናንተ ወዳጆቼ፣ ጌታ ጤናችሁን ይጠብቅ፣ የእጃችሁን ሥራ ያከናውን። ልጆቻችሁ የትኛውን ልያዝ ብለው የሚጨነቁበት ቀን ይምጣላቸው። እነሱ አንዱን ሲመርጡም፣ የማይቀየም ታላቅ አያሳጣቸው።

አሜን በሉ እንጂ! ጋሽ ግዛቸው፣ የእርስዎን አሜን ሳልሰማ አልቀመጥም።